ዲዴሳን የተሻገርንበት ሕግ

ጥሬ ቡና እጄ ላይ ሲንኳኳ ዛሬም ደረቴን እነፋለሁ። ትናንት ልለቅም ዘርግፌ፣ ጥቂት ፍሬ ጨብጬ ነቅነቅ ሳደርግ ሳቄ መጣ። እኔ እኮ ዲዴሳን የተሻገርኩ ሰው ነኝ! ቁጭ በል፣ ልንገርህ።

ደርግ ጊዜ ነው፣ ነቀምት፣ ክረምት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ቤቱ ላምባና እርጥብ ጭቃ ይሸታል። ታላቅ ወንድሜ በስኳር ካርቶን ላይ መንገድ ሥሎ ጨዋታ ፈለሰመ፤ ከነቀምት ተነስቶ፣ በአርጆ አድርጎ፣ የዲዴሳን ወንዝ ተሻግሮ በደሌ መግባት። እኔ ሲራራ ነጋዴ ነበርኩ፤ ካርቶኑን ያመጣችው ጓደኛዬ፣ የጉራጌው ባለሱቅ ልጅ፣ አዳኝ ነበረች። አንበሳውንም፣ ሽፍታውንም፣ ጎርፉንም ሆኖ የሚመጣብን ወንድሜ ነው። ነፍሳችን የበቆሎ ፍሬ ነው፤ በቆሰልን ቁጥር አንድ ይወስዳል። ዕጣችን ደግሞ ጥሬ ቡና፤ ወርውረን በጠፍጣፋው የተገለበጠው ይቆጠርልናል፤ በርከት ካለ እናልፋለን፣ ካነሰ እንቆስላለን። አውሬ የገደለ እርከን ይወጣል፣ እርከን የወጣ አንድ ቡና ይጨመርለታል። ዕረፍት የሚባል ነገር ግን የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ዲዴሳ ዳር ፍሬያችን አልቆ እንሞታለን።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንረፍ» እንለዋለን።

«መንገደኛ ምን ዕረፍት አለው!» ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የወንድሜን ስም ጠራ። «ነገ እሄዳለሁ፤ ዛሬ ካልተሻገራችሁ ጨዋታው አለቀ» አለን። አፈር ስሆን፣ እንደዚያ ቀን የፈለግሁት ነገር የለም። ሳይሄድ ስሻገር ይየኝ!

አርጆን እንዳለፍን አንዲት የበቆሎ ፍሬ ቀረችኝ። መንገዱ ዳር የአሮጊት ጎጆ አለች፤ አሮጊቷም እሱ ነው፣ ውሻ ሊለቅብን አስቧል። ቀደምኩት። እንደ አገራችን ወግ፣ ሳልቸኩል፣ በኦሮምኛ «አካም ኦልተን?» አልኩ፤ እንዴት ዋሉ ማለቴ ነው። «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ አለ ድምፁን አቅጥኖ። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ። እሱም አንድ በአንድ ሲመልስ ቆየና፣ አፉ ለምዶበት፣ «ሴኒ!» አለኝ። ግቢ ማለቱ ነው።

ጓደኛዬ ከመቀመጫዋ ዘለለች። «ግቢ የተባለ እንግዳ ይባረራል እንዴ? ያድራል! ቁስሉም ይሽራል!»

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀና ካርቶኑ ላይ በከሰል ጻፈ፤ እንግዳ አድሮ ይድናል፤ ያሳደረም አውሬ እንደገደለ ሁሉ እርከን ይወጣል።

ዲዴሳ ዳር እንደገና ቆሰልኩ። ጓደኛዬ «እሳት አንድጃለሁ፣ ሴኒ» አለችኝ። እኔ ዳንኩ፣ እሷ እርከን ወጣች። የተጨመረላትን ቡና ጨምራ ወረወረች፤ ሁሉም በጠፍጣፋው! ዲዴሳን ተሻግረን በደሌ ገባን! ጩኸታችን ጨለለቂ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ወንድሜ ሁለታችንንም አንጠልጥሎ ቤቱን አዞረን።

ጠዋት ሄደ። የተመለሰው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ከስቶ፣ ምርኩዝ ይዞ፣ መግባት ያፈረ ይመስል አጥሩ በር ላይ ቆመ። ሮጬ ላቅፈው አልኩና ተውኩት።

«አካም ኦልተን?» አልኩት።

«ነጋ» አለ። ስለ ጤናው ጠየቅሁት፣ ስለ መንገዱ። አብረውት የሄዱትን ልጆች ስጠይቀው በምርኩዙ መሬቱን ጫረ።

«ስንት ፍሬ ቀረህ፣ ጋሼ?»

«አንዲት።»

«ሴኒ» አልኩት።