ጽዋው በቀበሌው በር ሲያልፍ

የቀበሌያችን ካድሬ የነበረችው ሴት በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናት። እናቴ ታላቅን አንቺ አትበይ ብላ ስላሳደገችኝ፣ ፊት ለፊት ሳገኛት እስከ ዛሬ እርስዎ እላታለሁ። በወረቀት ላይ ግን አላከብራትም።

እናቴ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ትሠራ ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ ከጎረቤቶቿ ጋር የማርያምን ጽዋ ትጠጣለች። ተረኛዋ ጠላና ዳቦ ታዘጋጃለች፣ የንስሐ አባታችን ይባርካሉ፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጠላ የተሞላውን የሸክላ ጽዋ ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በዚያ በደርግ ዘመን ጽዋ የሚሄደው በነጠላ ሥር ተደብቆ ነው። አንድ ቀን ካድሬዋ እናቴን መንገድ ላይ አስቁማ ነጠላዋን ገለጠች፤ ጠላውንም አቧራው ላይ ደፋችው። እሑድ ደግሞ፣ ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት በሚጠራው የቀበሌ ስብሰባ፣ ግለ ሂስ አስደረገቻት። እናቴ የተነገራትን ቃል በቃል ደገመች። "እኔ ኋላ ቀር ነኝ፤ የሠራተኛውን ጊዜ በጠላ አጠፋለሁ።" ሰው ሳቀ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የጫማዬን ክር ሳስርና ስፈታ ቆየሁ።

ማኅበሩ ተበተነ። እናቴ ዳግም ጽዋ ሳትይዝ አረፈች።

ፔዳ፣ የመምህራን ኮሌጁ፣ ተምሬ ማስተማር ስጀምር ደርግ ገና አልወደቀም፤ ገመዱ ግን ላላ ብሎ ነበር። ካድሬዎቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን በስውር ክርስትና ያስነሡ ጀመር። የቀበሌው ስብሰባ ወደ ከሰዓት በኋላ ዞረ። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሞልቶ ሰው እስከ ሐይቁ ዳር ቆሞ ያስቀድሳል። የእናቴ ማኅበርተኞች ጽዋውን እንደገና አቆሙና ቦታዋን ለእኔ ሰጡኝ። ታናሻቸው ስለሆንሁ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ሲያጎርሱኝ ከማመስገን በቀር አልናገርም።

ሃያ አንዱ እሑድ በዋለበት ወር አባታችን ካድሬዋን ይዘዋት መጡ።

"ንስሐ ገብታለች" አሉን። "ማኅበርተኛ ልሁን ትላለች።"

"ይቀመጡ፣ ጓድ" አሉ የማኅበሩ መሪ፤ አሮጊት ናቸው፣ ሙሴ እንላቸዋለን። "እዚህ ቤት እጅ ማውጣት የለም።"

"እባክዎ እትዬ፣ እዚህ እንኳ ጓድ አይበሉኝ።"

"ውጭስ ማን እንበልሽ?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ውጭ ለጊዜው እንደ ነበረው ይሁን። እንጀራዬ ነው።"

በማኅበራችን ሕግ የተጣሉ ሰዎች ባሉበት ጽዋ አይቀመስም። ስለዚህ አባታችን ከመባረካቸው በፊት ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ በዝምታ ያልፋል።

"የተቀያየመ አለ?"

"እኔ አለሁ" አልሁ። "ከእሳቸው ጋር።"

ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ። ሴቶቹ ከቅዳሴ በቀጥታ የመጡ ናቸው፤ እህል አልቀመሱም።

"ኧረ የዚችን ልጅ አፍ ዛሬ ማን ፈታው?" አሉ ሙሴዋ።

"ልጄ" አሉ አባታችን፣ "እመቤታችን ለበደሏትም ትለምናለች።"

"እኔ እመቤታችን አይደለሁም፣ አባታችን።"

ካድሬዋ ተነሥታ ጉልበቴን ያዘች። "ስለ እናትሽ ይቅር በይኝ።" ከላይ ሆኜ ሽበቷን አየሁ፤ ደስ አለኝ። አባታችን ምን ብታደርግ እንደሚበቃኝ ጠየቁኝ።

"የሚቀጥለውን ጽዋ እሳቸው ያንሡ። ዛሬ፣ ነጠላ ሳይደርቡበት፣ በቀበሌው በር ይለፉ።"

በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ በዚያው ከሰዓት ስብሰባ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታምሜአለሁ ብላ ነው የቀረችው።

"ሥራዬን ያሳጡኛል" አለች።

"እናቴ የነበራት ጽዋው ብቻ ነው።"

"ልጄ፣ ይህ በቀል ነው" አሉ አባታችን።

"አዎን፣ አባታችን።"

እምቢ ብላ እንደምትወጣ እርግጠኛ ነበርሁ። እሷ ግን መስቀሉን ተሳልማ እሺ አለች። ያኔ ዳቦው ተቆረሰ።

ጽዋ የምታነሣውን እልል እያሉ መሸኘት ወግ ነው፤ የዚያን ቀን ከሰዓት ግን ሴቶቹ ፈርተው በመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ጥላ ሥር ዝም ብለው ተከተሏት። ጽዋው በሁለት እጇ ላይ ነው፤ ምንም አልደረበችበትም። አዳራሹ በር ስንደርስ ዘበኛው ብድግ አለ።

"ጓድ፣ ተሻለዎ?"

ወደ እሱ ስትዞር ጽዋው ዘመመና ጠላው በቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ውስጥ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ያነባል፤ ማንም አላያትም። ጥቂት ብትራመድ ታልፍ ነበር። እኔ እልል አልሁ። ጉሮሮዬ እስኪሻክር አቀለጥሁት፤ ለማርያም ብዬ አይደለም። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ፣ በመስኮቶቹም ፊቶች ታዩ።

ሸሽታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ መስኮቶቹ ዞራ፣ ጽዋውን ከፍ አድርጋ ቆመች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አሁን በቃሽ?"

"አልበቃኝም። ይሂዱ ግን።"

ወሩ ሳያልቅ ከሥራዋ አነሷት። ተራዋ ሲደርስ ከሁሉ ቀድሜ ቤቷ ሄድሁ። ራሷ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፣ እኔም ተቀበልሁ። ታርቃችኋል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ጽዋ ጠጥተናል እላለሁ፤ ሌላ አልጨምርም። ጠላዋ ገና ጉሽ ነበር። እስከ አተላው ጠጣሁት።