አንድ ሳፋ ውሃ

ባንኮክ ልብስ ልገዛ በመጣሁ ቁጥር፣ ቦዩ ዳር ጀልባዋ ላይ ዓሣ ከምትጠብስ ሴት ዘንድ እበላለሁ። ሽታው ሞያሌ ይመልሰኛል።

አያቴ ጫሞ ሐይቅ ዳር ተወልደው፣ በስደት ኬንያ ውስጥ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ከርመው፣ ሞያሌ የቀሩ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። በሚሌኒየሙ ሰሞን አንድ የአገራቸው ልጅ፣ ሾፌር፣ የደረቀ ዓሣ ያመጣላቸው ነበር። ጎረቤቶቻችን አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እሳቸው ግን ሊበሉ ሲቀመጡ፣ በጀሪካን ከገዛነው ውሃ አንድ ሳፋ አስሞልተውኝ ፊታቸው ያስቀምጣሉ።

«አባባ፣ ውሃው ለምንድነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዓሣ ስበላ ውሃ ማየት ለምጄ ነው፣ ልጄ» አሉና በጣታቸው ነካ አደረጉት። ሞገዱ እስኪረጋ ዓሣውን አልቀመሱም። በኋላ እናቴ በዚያው ውሃ ሳህኑን አጠበች።

ዛሬ ሴትየዋ ዓሣውን በሙዝ ቅጠል አቀረበችልኝ። ቦዩ እግሬ ሥር ይፈሳል፤ ልጆች ይንቦራጨቁበታል። ዓሣው ይጣፍጣል። አንድ ሳፋ ለለመደው ዓይኔ ግን ውሃው በዛብኝ።