የኋላ ወንበር ቀበቶ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ፊደል ብስት፣ ነገሩንም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ባመላልሰው አንባቢ ይታገሠኝ። ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል፤ ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝምና ልሞክር ብያለሁ።

ያነሣሣኝ ባለፈው ቅዳሜ የሆነ ነገር ነው። የምሠራው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ካለ መኪና ማጠቢያ ነው። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ሊገዙት ያሰቡትን ያገለገለ የቤት መኪና አምጥተው አስታጠቡ። ሚስቲቱ እርጉዝ ናት። ባልየው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል። እኔ ውስጡን ሳጸዳ የኋላውን ወንበር ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስቤ አወጣሁት።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ ሚስቲቱ።

«ንጹሕ ነው» አልኋት።

ቀበቶ ስቤ ማየት የጀመርሁት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ነው። ወላጆቻችን በትውልድ አገራችን በይፋግ ተከታትለው ሲሞቱ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ይርዳው ነው። ጋሼ ነው የምለው። እዚህ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ በተከራያት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሲኖር እኔን ጨመረኝ። ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ልጆቹ ላይም ሆነ እኔ ላይ አንድ ቀን እጁን አንሥቶ አያውቅም።

ለጥምቀት ሁልጊዜ ይፋግ እንሄድ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ልጆቹን ጭናችን ላይ ደርበን፣ ከእግራችን ስር ዶሮና ጀሪካን ታጭቆ ነው የምንሄደው። ትንሹ ልጅ ሁልጊዜ ያስመልሰዋል። አክስታችን ሩዝ የተቀላቀለበትን ነጭ እንጀራ አቅርባ ስትጠብቀን ልጁ ገና ከመንገዱ አላገገመም ነበርና ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ጋሼ ይኸን እያየ፣ «የራሴ መኪና ኖሮኝ እነዚህን ልጆች ከኋላ ደርድሬ ካላመጣኋቸው» ይል ነበር። ዓመታት አጠራቀመ። ጥሩ ጃኬት እንኳ ለራሱ አልገዛም። የፈለገው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ሦስት ልጆች ከኋላ የሚያስቀምጥ፣ ዕቃ የሚይዝ፣ ነዳጅ የማይበላ አራት በር ያለው የቤት መኪና ነው።

መኪናው ከመገኘቱ ሁለት ዓመት በፊት የሆነውን እዚህ ላይ ካልተናገርሁ የቀረው አይገባም። አንድ ቀን በጭነት መኪና ተጭኖ አንድ ነጭ የቤት መኪና ያን ጊዜም እሠራበት ወደነበረው ማጠቢያ መጣ። ከመሸንቲ ወዲያ ተጋጭቶ ፊቱ እንደ ወረቀት ተጨማዷል። ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ዝንቡ ስላስቸገረ ውስጡ ይታጠብ ተባለ። ወንዶቹ ሠራተኞች አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ፤ እኔ እምቢ ማለት ስለማልችል ለኔ ደረሰ። ደሙ የኋላ ወንበሩ ላይ ጠቁሮ ደርቋል። ከወንበሩ ስር የሰው ጥርስ አገኘሁ፤ ከነሥሩ የተነቀለ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ቀበርሁት። ቀበቶውን አጠብሁት፤ ነገር ግን የመጨረሻው ስንዝር መጠቅለያው ውስጥ ተጣብቆ ስለነበር ሳሙናው አልደረሰበትም። ወለሉ ላይ ደግሞ ቸኩዬ በረኪና ደፋሁበትና ምንጣፉ የመዳፌን ያህል ነጣ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። አራት ሰው እንደሞተበት የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሐይቁ ገና በጎርፍ ቀልቶ ሳለ፣ ጋሼ እየሳቀ ወደ ማጠቢያው መጣ። «ስንዱ፣ መኪናችን መጣች። አንቺው እጠቢያትና በእጅሽ ትመረቅ» አለኝ። ከኋላው ደመላሽ የሚባል ደላላ አንዲት ነጭ መኪና እየነዳ ገባ። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተቀምጠዋል። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ፣ በእጃቸው ጭራ። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። መኪናው ልጃቸው ገዝቶ የሰጣቸው ነው፤ አሁን እርጅና ስለ ተጫናቸው ሊሸጡት ነው።

ጋሼ ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ በጣቱ ዳሰሰ። እስከ ዓባይ ድልድይ ነድቶት ተመለሰና፣ «ፍሬኑ ይይዛል፣ መሪውም አይጎትትም» አለ። ቀጥሎ ከስር ሊገባ ካርቶን አነጠፈ። ደመላሽ ሳቀ።

«ወንድምዬ፣ የኔታ እኮ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ነው የተመላለሱባት። መኪናዋ ራሷ ውዳሴ ማርያም መድገም ሳትለምድ ትቀራለች?»

የኔታም ዋርካው ስር በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ፣ «ልጄ፣ ከቶ ተጋጭታ አታውቅም። ያገለገልሁት ታቦት ይፍረድብኝ» አሉ።

ጋሼ ካርቶኑን አጥፎ አነሣው። እሱ እኮ ቀኑን ሙሉ ብሎን የሚፈታ ሰው ነው፤ የሰማውን ሳያይ አያምንም። ነገር ግን እኒህ ሽማግሌ በታቦት ከማሉ በኋላ ከመኪናቸው ስር ገብቶ ማየት ቃላቸውን መመርመር መሰለው። እኛ አገር እንዲህ ነው። ያደግነው እንዲህ ነው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ከማጠቢያው ጎን ካለው ምግብ ቤት ዓሣ ጥብስ አዘዘ። ውሉን ሊፈራረሙ ሁለት ምስክሮች ተጠሩ።

እኔ ውስጡን ማጽዳት ጀመርሁ። ቀበቶ የሚታጠበው ተስቦ ነው፤ ሳብሁት። መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ ከዚያም ጥቁር፣ ከዚያ የመጨረሻው ስንዝር ሲወጣ ቡናማ ሆኖ እንደ ቆዳ ደርቆ አገኘሁት። ምንጣፉን ገለጥሁ። አዲስ ምንጣፍ ከላይ ተደርቧል፤ ከስሩ የመዳፌን ያህል የነጣች ቦታ አለች። መዳፌን አስቀመጥሁባት። ልክ ነች።

ሄጄ ጋሼን ከኋላው ሸሚዙን ጎተትሁት። «ቆይ ስንዱ፣ ሰው ጋር ነኝ» አለኝ። እንደገና ጎተትሁት። እስክሪብቶውን አንሥቷል። ሦስቱ ልጆቹ ከኋላ ተደርድረው ታዩኝ፤ ጥርሱም ታየኝ።

«ሰው የሞተበት ነው!» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አዲስ ነበር። «ደሙን ያጠብሁት እኔ ነኝ። የኔታ እውነት አልተናገሩም!»

ዓሣ የሚበላው ሁሉ እጁን ሳህኑ ላይ አቆመ።

«እኔን ነው፣ ልጄ?» አሉ የኔታ ቀስ ብለው።

«ዱዳዋ አፍ አወጣች! ገና ከመናገሯ መሪጌታ ሰደበች!» አለ ደመላሽ።

የጋሼ መዳፍ ግራ ጆሮዬ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ ምት ከሱ እጅ ይወጣል ብዬ አስቤም አላውቅ። ሐይቁ ሁሉ ተገልብጦ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ጭቃው ላይ ወደቅሁ፤ አፌ ውስጥ አሸዋ ገባ። «እግራቸው ላይ ውደቂ! ይቅርታ በያቸው! ይኸን ነው ያስተማርሁሽ?» ይላል፤ ቃሉን በአንድ በኩል ብቻ ነው የምሰማው። በጉልበቴ እየዳህሁ ሄጄ የኔታ እግር ላይ ወደቅሁ። ይቅርታ ግን አልወጣኝም።

«ቀበቶውን ይሳቡት፣ የኔታ። እርስዎ ራስዎ ይሳቡት።»

ሽማግሌው ተነሡ። ማንም አላገዛቸውም። በሩን ከፍተው በሁለት እጃቸው ሳቡ፤ እስከ መጨረሻውም ሳቡት። ከዚያ ምራቃቸውን በአውራ ጣታቸው ነክተው ያን ቡናማ ቦታ አሹት። ጣታቸው ቀላ።

«ደመላሽ፣ ይኼ ምንድር ነው?»

«ቡና ይሆናል፣ የኔታ። ልጆች ሲጠጡ…»

ጋሼ ካርቶን ሳያነጥፍ ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ ከስር ገባ። ሲወጣ ፊቱን አላውቀው አልሁ። «ሁለት መኪና ነው የተበየደው» አለ። «ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው። ልጆቼን በመሐሉ ላስቀምጥ ነበር።»

ደመላሽ ሮጦ ጎማ መፍቻውን ብረት አነሣ። መጀመሪያ የመታው እሱ ነው፤ ይኸን ፖሊስ ጣቢያም ተናግሬያለሁ። ብረቱ የጋሼን ግንባር ሰነጠቀው፤ ደሙ ዓይኑ ላይ ወረደ። ሁለተኛው ምት ትከሻው ላይ ሲያርፍ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ግን አልወደቀም። የደመላሽን አንገት አንቆ ዓሣው በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው፤ ሳህኑ፣ ዓሣው፣ ውሉ የተጻፈበት ወረቀት አንድ ላይ ተበተነ። እየጎተተ ወደ ሐይቁ ወሰደውና ጭንቅላቱን ውኃው ውስጥ ደፈቀው። በጉልበቱ ጀርባው ላይ ተቀመጠበት። ደመላሽ በእጁ ደለሉን ይቧጥጣል፤ ውኃው ይንቦጫረቃል፤ ከዚያ መንቦጫረቁ እየቀነሰ ሄደ።

ሦስት ወንዶች ጋሼን ሊያነሡት ታገሉ፤ እንደ ድንጋይ ከበዳቸው። «ሞተ! ገደልኸው!» ይላሉ። እኔ ውኃው ውስጥ ገባሁና የጋሼን ክንድ ነከስሁት። ለስሙ አልነበረም የነከስሁት። ጥርሴ ሥጋው ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ፤ ደሙ አፌ ውስጥ ጨው ጨው አለኝ፤ እሱ ጮኾ እስኪለቅ ድረስ አልለቀቅሁም። ያን ጊዜ ወንዶቹ ደመላሽን በእግሩ ጎትተው አወጡት። ፊቱ ሰማያዊ ሆኗል። ሆዱን ሲጫኑት ጭቃ አስመለሰ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጋሼ ዳሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። የነከስሁትን አይደለም፤ ሌላኛውን እጁን ነው የሚያየው፤ እኔን የመታበትን።

የኔታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታችን ድረስ መጡ። ልጃቸው ከደላላው ጋር ተማክሮ እንዳታለላቸው አውቀዋል። ጥምጥማቸውን አውርደው፣ «ያላየሁትን ማልሁ» አሉኝ፤ እኔ ደግሞ የት እንደምገባ ጠፋኝ። መኪናውን ለጋራዥ ሰጥተው እፊታቸው እንዲቆራረጥ አድርገዋል። ጋሼና ደመላሽ በሽማግሌ ታረቁ። የጋሼ ትከሻ ግን ቀና ብሎ አልዳነም፤ ከባዱን ሥራ ትቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። መኪናም አልገዛም። ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ በሚኒባስ ይፋግ ሄድን።

ስለ ጥፊው አንድ ቀን አንሥተን አናውቅም። ይቅርታ አላለኝም። እኔም በዚያ ሌሊት ትራሴ ላይ ከጆሮዬ ፈሳሽ እንደወጣ፣ ከዚያ ወዲህም ግራ ጆሮዬ ምንም እንደማይሰማ አልነገርሁትም። ቢያውቅ ምን ይጠቅመው ነበር? ከሞት ያዳንናቸው ልጆች እፊታችን እየሮጡ አደጉ። ሰው ሲጠራኝ ዞር ብዬ የማላየው በዓይን አፋርነቴ ነው ብሎ ሁሉም ያምናል፤ ይኸም ተመችቶኛል። ከጋሼ ጋር መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ ከቀኜ ነበር የሚሄደው። እኔ ልማዱ ይመስለኝ ነበር።

አንዳንዴ፣ ምናለ ብቻውን ጠርቼ ብነግረው ኖሮ እላለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሸሚዙን ብጎትተው ምናልባት ይሰማኝ ነበር፤ ትከሻውም አይሰበርም፣ ደመላሽም ጭቃ አይጠጣም ነበር። ደግሞ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። መኪና የሚገዙ ሰዎች እዪልን ብለው ይዘውኝ ሲሄዱ ግን ማንም ይማል፣ ማንም ይቆጣ፣ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቤ ነው የማየው።

ዘንድሮ ጋሼ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። ልጆቹ ተራ ገብተው ያስታምሙታል፤ አንድ እሑድ የኔ ተራ ነበር። አልጋው በግድግዳው በኩል ስለሆነ ባለችው ወንበር፣ ግራዬን ወደሱ አድርጌ ተቀመጥሁ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁና ምን እንዳለኝ ሳልሰማ ራሴን ነቀነቅሁለት፤ እንደ ለመድሁት። እጁን አንሥቶ ወንበሩን አሳየኝ፤ ወዲያ እንዳዞረው። አዞርሁትና ወደ አፉ ጠጋ አልሁ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ነው ያረፈው፤ ለኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃሉ ይኸ ነው።

«እንዲህ ሁኚ፤ በዚያኛው ጆሮሽ እንደማትሰሚ ድሮም አውቃለሁ።»