ዝናብ ያላየ ቅጽ

ለሁለተኛ ዲግሪ የተመዘገብኩት ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነው። ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ ባዮሎጂ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። በነዚያ ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ትምህርት ሲቋረጥና ሲጀመር፣ እኔም አብሬ አልቄ ነበር። የትምህርት ዕድሉ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ከጠመኔ የምገላገልበት አጋጣሚ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ዩኒቨርሲቲው ከሰቆጣ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ያስኬዳል። የሥነ ምህዳር ቤተ ሙከራው፣ ሁሉም ላብ የሚለው፣ ከዋናው ሕንጻ ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው በጋዜጣ መሃል ተጭነው የደረቁ ቅጠሎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ በሌላው ሚዛን፣ የናሙና ማድረቂያና ጥቂት ወንበሮች አሉ። አማካሪዬ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉኝ፦ "ጋዝጊብላ ወረዳ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ አለ። ወይራው ራሱን እየተካ ነው ወይስ አሮጌዎቹ ብቻ ናቸው የቀሩት? እሱን አጥኚ።"

ላቡን በትክክል የሚያስተዳድሩት ግን ቴክኒሺያኗ ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት። ቅጾቼንና አንድ እርሳስ ሰጡኝ። "እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፤ በዚህ ጻፊ" አሉኝ። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ወጣቶቹ ተማሪዎች ስለ ኮምፒውተር ስሌት ሲከራከሩ እኔ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ እታገላለሁ። ሁለት ጊዜ ጥሎኛል።

ክረምት ሳይገባ ወደ ጋዝጊብላ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ከወረድኩ በኋላ ወደ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። የተራራው ጠባቂ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው የሚነገረው ኽምጣኛ ነው፣ ከእኔ ጋር ግን ረጋ ባለ አማርኛ ያወራሉ። አብረን አሥራ ሁለት ካሬ በገመድ ለካን። በየካሬው ያገኘሁትን ወፍ ዘራሽ የወይራ ቡቃያ ሁሉ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ቁጥር አሰርኩበት።

"ይኼ ቁጥር ለምንድን ነው?" አሉኝ ጠባቂው።

"ለትምህርቴ ነው አባቴ" አልኳቸው። ጉልበቴ አሞኝ ስለነበር ከዚያ በላይ ለማስረዳት አልፈለግሁም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለሁለተኛው ቆጠራ ተመለስኩ። ዝናቡ ገና አላባራም። በሁለት ቀን ዘጠኙን ካሬዎች ጨረስኩ። የቀሩት ሦስቱ ከአንድ ገደል ማዶ፣ ወደ ሌላ መንደር በሚያየው የተራራው ትከሻ ላይ ነበሩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ እኔም ትኩሳት ጀምሮኛል። ለጠባቂው "ይበቃኛል" ብያቸው ወረድኩ።

ሰቆጣ በተከራየሁት ክፍል አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከቀትር በኋላ፣ የሦስቱን ካሬ ቅጾች ሞላኋቸው። ሁለት ቡቃያ ገደልኩ። የቀሩትን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሴንቲ አሳደግኋቸው። እንዳይነቃብኝ አንዱን በአባጨጓሬ አስበላሁት። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ምንም አልተሰማኝም፤ ተኝቼ እስከ ማታ አልነቃሁም።

ላብ ስመለስ ቴክኒሺያኗ ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይኼን የት ጻፍሽው?"

"እዚያው ነው።"

"ዘጠኙ ጭቃ በጭቃ ነው። ይኼ ወረቀት ዝናብ አላየም።"

ለመዋሸት የቀረ ጉልበት አልነበረኝም። "ደከመኝ" አልኳቸው። "ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የሞላሁት።"

አልተቆጡኝም። ሦስቱን ለይተው አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡ። "እኔ ለማንም አልናገርም፤ ለአማካሪሽ አንቺው ንገሪያቸው። መጀመሪያ ግን ሄደሽ እይ።"

በማግስቱ ያንኑ መንገድ ጀመርኩት። በአውቶቡሱ መስኮት ላይ ራሴን አስደግፌ ስሄድ ተስፋ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያሰብኩት ቁጥር ከእውነቱ ብዙ እንዳይርቅ።

ከጠባቂው ጋር ገደሉን ተሻገርን። በሦስቱም ካሬ አንድ የቆርቆሮ ቁጥር አልነበረም። ቡቃያዎቹም የሉም፤ የነበሩበት ቦታ ትንንሽ ጉድጓድ ብቻ ነው። በእጅ ተነቅለዋል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"የወዲያ ማዶ ሰዎች ናቸው" አሉ ጠባቂው። "ቁጥሩን ሲያዩ መሬቱ ተቆጥሮ ሊወሰድ ነው ብለው ፈሩ። እኔን ጠየቁኝ። ለትምህርቷ ነው አልኳቸው። ምን ዓይነት ትምህርት አሉኝ፤ እሱን አላውቅም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ባለፈው እዚህ ስንደርስ ላሳይሽ ነበር፤ ሳትደርሺ ወረድሽ እኮ።"

የማዶ ሰዎች ያደረጉትን ትልቅ ነገር እኔ በቅጼ ላይ በአባጨጓሬ ልሸፍነው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጠባቂው የማዶውን ሰዎች ሰበሰቡልኝ። እኔ በአማርኛ ስናገር ጠባቂው በኽምጣኛ ይተረጉሙልኛል። ወይራው በራሱ ይተካ እንደሆነ ለማወቅ እንደምፈልግ፣ መሬት የመስጠትም የመውሰድም ሥልጣን እንደሌለኝ ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥታ በቀጥታ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"ከተተካ በኋላ ከብቶቻችን ይገባሉ?"

"አላውቅም" አልኳት። "እሱን የምወስነው እኔ አይደለሁም።"

እርስ በርሳቸው ረጅም ተነጋገሩ። በመጨረሻ ጠባቂው ወደ እኔ ዞረው "ቁጠሪ ብለዋል። ቁጥር ግን አታንጠልጥዪ" አሉኝ። በቆርቆሮው ፋንታ በቀሩት ዘጠኝ ካሬዎች በየቡቃያው አጠገብ ድንጋይ ልንደረድር ተስማማን። ሴትዮዋ አብራን ወጥታ ቦታውን አየች፤ ብዙም ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ድንጋይ ስታቀብለን ግን ውላ ሄደች።

ለአማካሪዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። "የተነቀለውን እንደተነቀለ ጻፊ። ለምን እንደተነቀለም ጻፊ" አሉኝ። በዚህ ምክንያት ጥናቱ አንድ ዓመት ተጨመረበት፤ ያን ተራራ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ ጉልበቴም አልዳነም።

ዲግሪዬን ይዤ አሁን ሰቆጣ ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ምናምን ተማሪ፣ ያው ጠመኔ። ባለፈው ወር አማካሪዬ ደውለው ለሦስተኛ ዲግሪ ተመልሼ ወደ ላቡ እንድገባ ጠየቁኝ። "ትንሽ ልረፍ" አልኳቸው። "እሺ፣ እረፊ" አሉኝ። እስካሁን መልሼ አልደወልኩም።