የእትዬ ዘሀራ መሳቢያ

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ደሴ ሄጄ ሆቴል ስይዝ፣ እንግዳ ተቀባዩ ሰውዬ መታወቂያዬን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረና ቆለፈበት። «ሲወጡ ይወስዱታል» አለኝ። «አይ፣ አሁኑኑ አምጣ!» አልኩት። እሱ ደነገጠ፤ እኔም በገዛ ድምፄ ደነገጥኩ። ለአንዲት ካርድ እንዲህ የሚያስጮህ ምን አለ? ክፍሌ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ግን ከየት እንደመጣ ገባኝ። ከካርቱም ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት አል-ሳሃፋ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የሚያገናኝ የሰምሳር፣ የደላላ፣ ቢሮ ስልክ እያነሳሁ መዝገብ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሐፍላ በሚሉት የተጨናነቀ አውቶቡስ አርካዊት ሄጄ የሲስተም ትንተናና ዲዛይን እማራለሁ። ስሙ ያስፈራል እንጂ አጀማመሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ከመነካቱ በፊት የቢሮው ሥራ ወረቀት ላይ ይሳላል፤ ሥራው የሚያርፍበት ቦታ ሳጥን ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ነገር ደግሞ ቀስት። ሐቡብ በተነሳ ቁጥር አሸዋው በመስኮቱ ገብቶ ደብተራችን ላይ ይተኛል፤ ሳጥኖቼን በመዳፌ እየጠረግኩ ነበር የምስለው።

«ዕቃ ገብቶ የማይወጣበት ሳጥን ከሳላችሁ» አለን ኡስታዛችን አንድ ቀን፣ «ወይ እናንተ ተሳስታችኋል፣ ወይ እዚያ ቤት ሌባ አለ። ለማንኛውም መጀመሪያ ሳጥኑ ጋ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የእትዬ ዘሀራ መሳቢያ ነበር የመጣብኝ።

እትዬ ዘሀራ የወሎ ሴት ናቸው፤ ካርቱም ሃያ ዓመት ኖረው ቢሮውን ቀጥ አድርገው የያዙት እሳቸው ነበሩ። ሥራውን የሰጡኝ፣ የማድርበትን ክፍል የፈለጉልኝም እሳቸው ናቸው። ቁርስ ላይ ፉሉን በጠርሙስ ቂጥ ደቁሰው፣ ሽንኩርትና አይብ ጣል አድርገው፣ የሰሊጥ ዘይት ያፈሱበትና «ያላ ገነት፣ ብዪ እንጂ! በባዶ ሆድሽ ምን ልትማሪ ነው?» ይሉኛል። እበላለሁ። እየበላሁም እጠረጥራቸዋለሁ፣ ምን ልዋሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ የሚገቡት ልጆች ለመኖሪያ ፈቃድ ተብሎ ፓስፖርታቸውን ለቢሮው ያስረክባሉ። በቢሮው ደንብ የፈቃዱ ጉዳይ ሲያልቅ ፓስፖርቱ ወደ አሠሪዋ ማዳም ይሄዳል። እትዬ ዘሀራ ግን ለወራት «ፈቃድ ላይ ነው» እያሉ ያስጽፉኛል። ማዳሞቹ ሲደውሉ «ገና ነው፤ ኢንሻአላህ ነገ» ይሉና ስልኩን ዘግተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን የመሳቢያ ቁልፍ ይዳብሳሉ። አንድ ቀን ሲከፍቱ ባየው፣ በእጄ የመዘገብኳቸው ሦስት ፓስፖርቶች የሉም። ሸጠዋቸዋል አልኩ በሆዴ።

አንድ ሰኞ መዲና መጣች። አል-ማንሺያ የምትሠራ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ለገበያ ተልካ፣ የማዳሟን ዘንቢል እንደያዘች።

«እትዬ፣ እናቴ ጠንቶባታል። ሳልደርስባት እንዳትሞትብኝ፤ ፓስፖርቴን ስጡኝ» አለች።

እትዬ ዘሀራ በሩን በሩን እያዩ ድምፃቸውን ቀነሱ። «ሐሙስ ነይ።»

ለምን ሐሙስ? መሳቢያው እዚሁ፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ! ሾፌሩንና ልጆቹን ስጠያይቅ የሰነበትኩትን ይዤ ከሰዓት ክፍል ገባሁና የቢሮውን ሥራ ሳልኩ፤ ወደ መሳቢያው የሚገቡ ቀስቶች አሉ፣ የሚወጣ አንድም የለም። ሳጥኑ ጋ የተቀመጠውን ጠይቁ የተባልነውን ግን ዘለልኩት። ሌባን ምን ብዬ ልጠይቅ?

ማክሰኞ ወረቀቱን ለቢሮው ባለቤት፣ ለሙዲሩ፣ አሳየሁት። ትሑት ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል። ጣቱን ቀስት የጎደለበት ቦታ ላይ አሳረፈ። «ሹክራን፤ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ቁልፉን ከእትዬ ዘሀራ ተቀበለና ፓስፖርቶቹን ጠራርጎ በቦርሳ ለሾፌሩ ሰጠው። ከቀትር ሶላት በፊት ሁሉም በየማዳሞቹ እጅ ገባ። የጎደለውን ቀስት እኔው ሞላሁት።

እትዬ ዘሀራ አልጮኹብኝም። ምነው በጮኹብኝ!

«ገነት፣ ማዳም እጅ የገባ ፓስፖርት ውል ሳያልቅ ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ሐሙስ ሐሙስ ሙዲሩ ኦምዱርማን ይውላል። መሄድ ለፈለገች ፓስፖርቷን በዚያን ቀን ነበር የማወጣላት። ፓስፖርታቸው የጎደለው ሦስቱ ልጆች አገራቸው ገብተዋል፣ ወላሂ። ይህን ስትስዪ ስንት ሰው ጠየቅሽ?»

«ሾፌሩን… ልጆቹን… ብዙ ሰው።»

«እኔንስ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐሙስ መዲና ልብሷን በፌስታል ቋጥራ መጣች። እትዬ ዘሀራ «ሙዲሩ ነቃብኝ፤ ማዳምሽ ጋር ነው» አሏት እንጂ የእኔን ስም አላነሱም። መዲና ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። አብሬያት አለቀስኩ፤ አልነገርኳትም። ማዳሟ ውሉ ሳያልቅ አልሰጥም አለች። ከሁለት ወር በኋላ የእናቷ መርዶ መጣ። ለዚያ ሥዕል ኡስታዙ ሙሉ ማርክ ሰጥቶኛል።

ዛሬም የምተዳደረው በዚሁ ሙያ ነው። የማንንም ቢሮ ስስል ከሁሉ በፊት የምጠይቀው በጣም የጠረጠርኩትን ሰው ነው፤ ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞችም አስተምራለሁ፣ ከየት እንደተማርኩት ግን አልናገርም። መዲና ሐይቅ ተመልሳ ትዳር መያዟን ከሰማሁ ቆይቷል። ስልኳን ይዤ ለዓመታት ሳልደውል ቀርቼ፣ ያን ዕለት ከደሴው ሆቴል ደወልኩላት።

«ገኒዬ!» አለች በደስታ። «ያኔ አብራኝ ያለቀሰች አንቺ ብቻ ነበርሽ። እትዬ ዘሀራን ማን እንዳሳበቀባቸው እስካሁን አላወቅኩም፤ እሳቸውም ሳይነግሩኝ ሞቱ።»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ከበስተጀርባዋ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማኛል።

«እናቴ እስክትሞት በሩን በሩን ስታይ ነበር አሉኝ» አለችና ዘጋችው።

መልሼ አልደወልኩም። ይቅር በይኝ ልበላት ወይስ ልተዋት የሚለውንም እንደ ያኔው ለብቻዬ መወሰን ፈራሁ።