አማኒ ማለት

ትናንት ኒው አልባኒ፣ የምሠራበት ዌርሃውስ በር ላይ፣ አንዲት ኮንጓዊት በስልክ ልጇን ታናግር ነበር። ስዋሂሊ አልችልም። «አማኒ» ስትል ግን የያዝኩትን ካርቶን መሬት አስቀምጬ ዞርኩ። የታላቅ ወንድሜ ስም ነው። ነው ልበል፣ ነበር ልበል፣ እስካሁን አልቆረጠልኝም።

ወንድሜ የተወለደው ናይሮቢ ነው፤ እናትና አባታችን ወደ አሜሪካ የሚመጡበትን ቀን ሲጠብቁ። ሕፃኑ አልቃሻ ነበር አሉ። አንድ ቀን አከራያቸው ከወዲያ በኩል ግድግዳውን እየደበደበች «አማኒ፣ አማኒ» አለች። እናቴ ስዋሂሊ ገና አይገባትም ነበር። ሴትዮዋ ልጄን ባርካ ስም አወጣችለት ብላ ደስ አላት። አማኒ፣ የሚያምን። በዚያው ጸና።

እዚህ ኮሎምበስ ስሙ ብዙ ባለቤት አለው። ትምህርት ቤታችን አንዲት ሱማሌ ልጅም አማኒ ነበረች፤ ልጆቹ የሴት ስም ነው እያሉ ወንድሜን ያበሽቁት ነበር። ኋላ ከኮንጎ የመጣ ልጅ ገባ፣ እሱም አማኒ። ትርጉሙን የነገረን እሱ ነው፣ ባስ ውስጥ። መስኮቱ በትንፋሽ ደብዝዞ ነበር፤ እርጥብ ጃኬትና ቺፕስ ይሸታል። ያ ሽታ አሁንም ድንገት ሲመጣብኝ እቆማለሁ። ሰላም ማለት ነው አለን፤ በነሱ አገር ጦርነት ሲበዛ ለወንድ ልጅ የሚወጣ ስም ነው፣ በየቤቱ አንድ አይጠፋም አለ። ወንድሜ ትንሽ አሰበና ወንበሩ እስኪነቃነቅ ሳቀ።

«ብሮ፣ የናይሮቢዋ አከራይ እኮ ሰላም ስጡኝ፣ ዝም አሰኙት እያለች ነበር።»

ቤት እንደገባን ለእናታችን ነገራት። የሥራ ልብሷን ትተኩስ ነበር። ካውያውን አቆመች። ሳቋን ጠብቀን ነበር፣ አልሳቀችም።

«ዝም አሰኙት ከሆነ፣ ታዲያ ልጄን ማን ባረከልኝ?»

ወንድሜ ደነገጠ። ኦኬ ማሚ፣ አማኝ ነኝ አላት፤ አቀፋት። ከዚያ በኋላ ያንን ወሬ ቤት ውስጥ አንስቶት አያውቅም። እኔንም እንዳታነሳ አለኝ።

አምና በበረዶው ወራት፣ ከሥራ ሲመለስ ሀይዌይ ላይ መኪናው ተንሸራተተ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በቀብሩ ዕለት ፓስተራችን ስሙን እየተረጎሙ ሰበኩ። አማኒ፣ አማኝ። እናቴ በጠሩት ቁጥር ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። ሰዉ መበታተን ሲጀምር ያ የባሱ ኮንጓዊ ጓደኛው ወደ ሳጥኑ ተጠጋ። ጢም አብቅሏል። መዳፉን ክዳኑ ላይ አድርጎ በቋንቋው «ፑምዚካ ክዋ አማኒ» አለ። በሰላም እረፍ ማለት እንደሆነ ኋላ ነግሮኛል።

እናቴ ግን የሰማችው ስሙን ብቻ ነው። ልጇ ተጠርቶ ዝም ሲል አላስቻላትም መሰለኝ፣ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብላ፣ በሱ ፈንታ፣ ቀስ ብላ «አቤት» አለች።