ለይታይሽ የሰጠኋት ምክር

ባለፈው ሳምንት የልጄ የስፖርት አስተማሪ ስልክ ደወለልኝ። ወጣት ነው፤ ትሕትናው ደስ ይላል። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፤ መረብ ኳስም ትጫወታለች፣ ሩጫም ትሮጣለች። አስተማሪው ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ያደክማታል ባይ ነው። «እናቷ ነዎትና አንዱን እንድትመርጥ እርስዎ ቢመክሯት» አለኝ። ክፉ ነገር አልተናገረም። እኔ ግን አስቤበት እደውላለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ሽንኩርት መክተፍ ትቼ ብዙ ቆምኩ። በዚህ ጉዳይ በሕይወቴ የመከርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም ይታይሽ ናት።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ «ክልል» እና «ዞን» የሚሉት ቃላት ገና በአባቶቻችን አፍ አልተለመዱም። ይታይሽና እኔ ከጅጋ ወዲያ ካለች አንዲት ቀበሌ የመጣን የጎረቤት ልጆች ነን። ፍኖተ ሰላም ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይተን አሥራ አንደኛ ክፍል እንማራለን። ቅዳሜ በእግራችን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ ከሰዓት በሶና ድርቆሻችንን ተሸክመን እንመለሳለን። የምንተኛው አንድ መደብ ላይ፣ የምንበላው ከአንድ ሳህን ነበር። ላየን ሰው እህትማማች እንመስለው ነበር።

የስፖርት መምህራችን መምህር አዱኛ ይባላሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከሜዳው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሰው ነበሩ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እኔም መረብ ኳስ እጫወት ነበር፤ እወደውም ነበር። በዓመቱ መምህር አዱኛ ለሩጫ እንደተፈጠርኩ ነግረውኝ ሌላውን ሁሉ እንድተው አዘዙኝ፤ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ የእኔ የምለው አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ብቻ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በማንኩሳ መንገድ እሮጣለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ የመንገዱ ዳር ሁሉ በርበሬ ይሰጣበታል፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። እያስነጠስኩ፣ ዓይኔን እየጠረግኩ እሮጥ ነበር።

ይታይሽ ምንም አልተወችም። መረብ ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ከፍታ ዝላይ፣ ወንዶቹ ሰው ሲጎድላቸው ደግሞ እግር ኳስ። ከሰዓት በኋላ ስትዘል ቆይታ፣ ላቧ ሳይደርቅ፣ እስቲ እኔም ልሩጥ ብላ ከጎኔ ትሰለፋለች። በመጨረሻው ዙር እያወራች ታልፈኛለች። ማለፏ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ማውራቷ ነው ያቃጠለኝ።

ቅናት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ አወቅኩ። አጎራረሷ ሳይቀር አስጠላኝ። ገበያ ስንወጣ ስንት ሰው እሷን በስሟ እንደሚጠራት፣ ስንት ሰው እኔን እንደሚጠራኝ በልቤ እቆጥር ነበር። አንድ ጊዜ ኳስ ስትጫወት ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ውሃ አሙቄ፣ ጨው ጨምሬ፣ እግሯን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አሸሁላት። እሷ እንደ ትልቅ ሰው መረቀችኝ። በሦስተኛው ቀን ደህና ሆና ስትነሳ የተሰማኝ ግን ደስታ አልነበረም።

አሁን ሳስበው፣ አንድ ነገር ብቻ ያለው ሰው ያችን አንዷን ሲጠብቅ ይኖራል፤ የተጠጋት ሁሉ ሌባ ይመስለዋል። ይታይሽ አንዱ ቢቀርባት ሌላ ሦስት ነበራት። እኔ ግን ከሩጫው ውጭ ማን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር። እሷ ለጨዋታ የምትመጣበት ቦታ የእኔ ቤት ነበር።

ጥምቀት እንዳለፈ የዞኑ ትምህርት ቤቶች ውድድር ቡሬ ላይ እንደሚደረግ ተነገረ። በየርቀቱ ከአንድ ትምህርት ቤት አንዲት ሯጭ ብቻ ነው የምትሄደው። መምህር አዱኛ ሁለታችንንም አስሩጠው በሰዓት ለኩን፤ እሷ ቀደመችኝ፤ ሰዓቷንም ደብተራቸው ላይ አይቼዋለሁ። ኳሱና ሩጫው ሊጋጩ ይችላሉ ብለው ይታይሽን ጠሯትና አንዱን መርጣ ሰኞ እንድትነግራቸው አዘዟት። ሩጫውን ከመረጠች እኔ ቀረሁ ማለት ነው።

እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን ከጅጋ እየተመለስን ነበር። ጥር ነውና በየውድማው እህል ይወቃል፤ ነፋሱ እብቁን ፊታችን ላይ ይበትነዋል። አንዲት ዋርካ ጥላ ሥር አረፍ አልን። ይታይሽ የበሶ ከረጢቷን ፈትታ ለሁለታችን በጠበጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሙሉዬ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

በእውነት ጠየቀችኝ። ስለ ሩጫ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበራትም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አልኳት። «ኳሱን ያዢ። በሩጫው ገና ነሽ፤ ቡሬ ላይ ትዋረጃለሽ።»

በሶዋን ቀስ ብላ ጠጣች። ጣሳውን አራግፋ ወደ ከረጢቱ መለሰችው።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለች።

ሰኞ ኳሱን እንደመረጠች ነገረቻቸው። መምህር አዱኛ ግር ብሏቸው እኔን ለብቻዬ ጠሩኝና ልጅቷ ምን ሆና ሩጫውን እንደተወች ጠየቁኝ። ደክሟታል አልኳቸው። አንዱን ውሸት በሌላው ደገፍኩት።

ቡሬ ላይ የመረብ ኳስ ቡድናችን በመጀመሪያው ቀን ተሸንፎ ወጣ። የእኔ ሩጫ በማግስቱ ነበር፤ ስለዚህ ይታይሽ ሥራ ፈትታ ሹራቤን ይዛ ሜዳው ዳር ቆመች። የመጨረሻው ዙር ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ያኔ እሷ ከመስመሩ ውጭ በጉርድ ቀሚሷና በኮንጎ ጫማዋ ከጎኔ መሮጥ ጀመረች። ክንዴን እንዳልረሳ፣ ወደ ኋላ እንዳላይ እየነገረችኝ ዙሩን በሙሉ አብራኝ ጨረሰች። ሁለተኛ ወጣሁ፤ ባሕር ዳር ለሚደረገው የክልል ውድድር የሚያልፉት ሁለት ነበሩ። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ትንፋሼ ተቆራርጦ መቆም አቅቶኛል። እሷ ደረቷ እንኳ አልተነሳም። ያን ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባሕር ዳር ከኋላ ሁለተኛ ገባሁ። ስመለስ ጫማዬን ለታናሽ እህቴ ሰጠሁ፤ ከዚያ በኋላ ሮጬ አላውቅም። ይታይሽም ሩጫን አልነካችም።

ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረው። እሷ ቡሬ አግብታ ወፍጮ ቤት ከፍታለች፤ እኔ ፍኖተ ሰላም ቀረሁ። በሰርግና በለቅሶ እንገናኛለን፤ ያን ነገር ግን አንስቼባት አላውቅም። አስተማሪው የደወለ ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ዱቄት ለብሳ አገኘኋት። ወፍጮው ሲቆም፣ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ባሕር ዳር በስንት ደቂቃ ገባሽ?» አለች ስጨርስ።

ነገርኳት። ያ ሰዓት ከልቤ ጠፍቶ አያውቅም።

«እኔ ትምህርት ቤት ከዚያ ባነሰ ሰዓት ገብቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «አይቼው ነው የመከርኩሽ።»

እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አንድ ገበሬ እህል በአህያ ጭኖ መጣ፤ ተነስታ አወረደችለት፣ መዘነችለት። ትቆጣለች፣ ወይ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ተመልሳ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ሙሉዬ» አለች፣ «እኔ ልሂድ ብትይኝ እኮ እተውልሽ ነበር።»

ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድ አዘዘችኝ፤ በላሁ።

ከሰዓት ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ለአስተማሪው ደወልኩና ልጅቷን ራሷን እንዲጠይቃት፣ እኔ በዚህ ነገር ጥሩ መካሪ እንዳልሆንኩ ነገርኩት። ሳቀ፤ የቀለድኩ መሰለው። በሚኒባሱ መስኮት እያየሁ የተሰማኝ ጸጸት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጸጸት ሰውን ያጠራል ይላሉ። ነገር ግን ይታይሽ ያን ቃል ስትናገር ድምፅዋ እንዴት ቀላል እንደነበር በጆሮዬ ይመላለስ ነበር። ሰው የራሱን ነገር እንዲህ ያለምንም ጣጣ ለጓደኛው መተው የሚችልበት ልብ ለእሷ ተሰጥቶ እኔን ለምን አለፈኝ? በዚህ ዕድሜዬ፣ ይቅርታ ጠይቄያት ስመለስ እንኳ፣ ቀናሁባት።